የመምህሯ ፊት ሊጠፋ የነበረበት ሰኞ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን ቀና አላስብል የሚልሽ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ችለሽው ነው? እማማስ እንዴት ናት? ዓይኗ ከታከመች ወዲህ ጠራላት? በመስኮት ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚውን መመርመሯን ቀጠለች? ባልሽ፣ ትልቋ ልጅሽ፣ ጭርጭሩ ትንሹ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ግን ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ ነፍሴ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ድምፄን ሰምተሽ ከኔ ብሰሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ወረቀት መረጥኩ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ለእማማ አትንገሪያት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። በሕመም ወይም በአደጋ ጆሮው፣ አፍንጫው፣ የዓይኑ ዙሪያ ለጠፋበት ሰው ምትክ እንሠራለን። አለቃዬ ቅርጹን ያወጣሉ፤ እኔ ሲሊኮን የሚባለውን ልስልስ ጎማ አፍስሼ የሰውየውን የቆዳ ቀለም እስኪመስል እቀባለሁ። አንቺ «የፊት ልብስ ሰፊ» እያልሽ የምትስቂብኝ ማለት ነው።

ባለፈው ወር አንዲት መምህር መጣች፤ የኔ እኩያ ናት። አፍንጫዋ ላይ ክፉ ዕጢ ወጥቶባት ሐኪሞቹ መቆረጥ አለበት ብለዋት ነበር። ከመቆረጡ በፊት ፊቷን በብርሃን ካሜራ ከየአቅጣጫው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ካሜራው እያንዳንዷን እጥፋትና ጉብታ ለክቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል። ትንሽ ዞር በይ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ እያልኩ ሳስቸግራት፣ «ቶሎ በል እንጂ፣ ልሰናበተው ነው፤ ስንብት ሲረዝም ያስለቅሳል» አለችኝ። ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በሳምንቱ ተቆረጠች። ይህን ልብ በይልኝ እታለም፤ ያ አፍንጫ ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የለም። ያለው እኛ ያነሳነው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ፋይሎቻችንን የምናስቀምጠው «ክላውድ» በሚሉት ነገር ነው። ደመና ማለት ነው፤ ሰማይ ላይ ያለ እንዳይመስልሽ፣ የሌላ ድርጅት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ናቸው። እኔ እዚህ ያስቀመጥኩት በኢንተርኔት ሄዶ እዚያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አለቃዬ ላፕቶፕ ይወርዳል። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዲሆን ራሱ ያመሳስላል። እኛም ሦስት ቦታ አለን ብለን እግራችንን ዘርግተን ተኝተን ነበር። አንዱ ጋ የጠፋ ሁሉም ጋ እንደሚጠፋ ማን አስቦት!

ሰኞ ጠዋት ገብቼ ኮምፒዩተሩን ስከፍት መልኩ ተለውጦ ጠበቀኝ። እኛ እረፍት ላይ ሳለን ራሱን በራሱ አፕዴት አድርጓል። እንደ አዲስ ሙሽራ አሸብርቆ «እንኳን ደህና መጡ» ይለኛል። ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ቀጥሎ ስለ ፎልደሮቻችን ረዥም ጥያቄ አመጣና ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ ደቀነልኝ። ማን ያነባል? ተጫንኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። የታካሚዎቹን ፎልደር ስከፍት ባዶ ነው።

አጥፍቼ አበራሁት፤ ባዶ። ከዚያ በኢንተርኔት በኩል ወደ ክላውዱ ገባሁ፤ እዚያ ሁሉም ስም ተደርድሮ አለ። እፎይ ማለት! እፎይታዬን ግን ሳልጨርሰው፣ ዓይኔ እያየ ከላይ ያለው ስም ጠፋ። ቀጥሎ ያለው ጠፋ። የማላየው ሰው ላጲስ ይዞ ከላይ ወደ ታች የሚጠርግ ይመስል ነበር። የሽማግሌው ጆሮ ሄደ፣ የግንበኛው የዓይን ዙሪያ ሄደ፣ እሳት ያቃጠላት ልጅ ጉንጭ ሄደ። ወደ መምህሯ እየወረደ ነው። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ የኢንተርኔቱን ገመድ በኃይል ስነቅለው መሰኪያው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ፤ ስነሳም ግንባሬን ገጨሁ፤ አሁንም አብጧል። ገጹ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የመምህሯ ስም ይታያል፤ ግን ስሟ እውነት አለ ወይስ ያየሁት ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ነው? የማወቂያ መንገድ አልነበረኝም።

ምድር ቤት ኮምፒዩተር የሚጠግን ጎረቤት አለን፤ ወሬ ስለማያቋርጥ «ሬዲዮ» እንለዋለን። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወርጄ ጎትቼ አመጣሁት። ያየሁትን ነገርኩት። ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። እታለም፣ ያ ሰው ዝም ሲል አይቼ አላውቅም፤ ከጠፋው ፋይል ይልቅ ዝምታው ሐሞቴን አፈሰሰው። ጥፍሩን እየነከሰ፣ «አፕዴቱ ከድሮው ፎልደር ጋር ያለውን ግንኙነት በጥሶ በዚያው ስም ባዶ ሠርቷል መሰለኝ። ማመሳሰያው ባዶውን አየና ባለቤቶቹ አጥፍተዋል፣ እኔም ላጥፋ አለ» አለኝ። የድሮውን በዚሁ ማሽን ውስጥ ፈልግልኝ ስለው ፈለገ፤ ያገኘው ስም ብቻ ነው። ቦታ እንዳይጣበብ ብሎ ፋይሎቹን ደመናው ላይ ትቶ እዚህ ስማቸውን ብቻ ያኖር ነበር ለካ! ስማቸው አለ፣ ሥጋቸው የለም።

ክላውዱ የተጣለ ነገር ለጊዜው የሚያቆይበት ቅርጫት አለው አለና በራሱ ስልክ ሊገባበት ሞከረ። የምስጢር ቁጥር ተጠየቀ፤ ቁጥሩ የሚላከው አለቃዬ ስልክ ላይ ነው። ይኼኔ ቀና ብሎ፣ «ይህ ነገር ሌላ ማሽን ላይ አለ እንዴ?» አለኝ። አለቃዬ ላፕቶፕ ላይ አልኩት። «የት ናቸው?» ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ እየሄዱ ባቡር ላይ ናቸው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። «እንዳይከፍቱት!» አለ፤ «ኢንተርኔት ባገኘ ቅጽበት አጥፋ የሚለው ትእዛዝ ይደርሰዋል።»

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» ትላለች የስልኩ ሴትዮ። «ላፕቶፑን እንዳይከፍቱት፣ እባክዎ፣ በእናትዎ» ብዬ ጻፍኩ። የሚያርፉበት ሆቴል ደወልኩ፤ ገና አልደረሱም አሉኝ። አለቃዬን ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ ባዶ እጃቸውን መቀመጥ አይወዱም። ያን ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲከፍቱት ይታየኛል።

የባሰ አታምጣ ነው፤ በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። መምህሯ ናት። ፋሻ ከዓይኗ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈሯ ሸፍኗታል። ለቁስሏ ሐኪም ዘንድ መጥታ በዚያው ጎራ ማለቷ ነው። ተቀመጠችና፣ «ያነሳኸኝን እስቲ አሳየኝ። መስታወት ካየሁ ሰነበትኩ፤ መልኬ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። ሬዲዮ አንገቱን ደፋ። ኮምፒዩተሩ ታሟል ብዬ ልሸኛት ነበር፤ አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና በፋሻው ውስጥ በታፈነ ድምፅ፣ «ከጠፋስ ምን ታደርጋለህ?» አለች። ከፎቶዎችሽ እያየሁ እቀርጻለሁ አልኳት። «እሱማ አፍንጫ ይሆናል። የኔ ግን አይሆንም» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ሦስታችንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኬን እንደ ሬሳ ከብበን ተቀመጥን።

ስልኩ ሲጮህ ከወንበሬ ተነሳሁ። አለቃዬ ናቸው። «ምን ነካህ አንተ፣ ስልኬን አቃጠልከው እኮ! እንቅልፍ ጥሎኝ ነው። ቆይ ላፕቶፑን ከፍቼ…» ሲሉ፣ «ይዝጉት!» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም። ክዳኑ ቀጭ ሲል ተሰማኝ። «ዘጋሁት» አሉ። ባቡሩ ዋይፋይ ለመስጠት ስልክ ቁጥራቸውን ጠይቋቸው እሱን እየጻፉ ነበር። ጥቂት ቁጥር ነበር የቀራቸው።

ሬዲዮ ስልኩን ተቀብሎ ዋይፋዩን እንዴት እንደሚያጠፉ እየነገራቸው፣ እሳቸው እየደገሙለት፣ ቀስ ብለው ከፈቱት። ስሞቹን አንድ በአንድ ያነቡልናል፦ «ይሄ አይከፈትም… ይሄም ኢንተርኔት ያስፈልጋል ይላል…» እንደኛው ማሽን ስም ብቻ ነው። መምህሯ የወንበሯን ጠርዝ ጨብጣለች። ከዚያ አለቃዬ ድምፃቸው ዝቅ አለ፦ «የመምህሯ ይከፈታል። ይኸው ፊቷ።» ከመሄዳቸው በፊት ሥራውን ሊያጠኑ ከፍተውት ስለነበር ላፕቶፑ ላይ ሙሉው ቀርቷል። ቦርሳቸው ውስጥ ያለች ፍላሽ ላይ ገልብጠው ከደረት ኪሳቸው ከተቱት። መምህሯ ውሃ ለመነችኝ። ስሰጣት በፋሻው ሥር ቀስ እያለች ጨለጠችው።

ከዚያ አለቃዬ ስልካቸው ላይ የመጣውን የምስጢር ቁጥር አነበቡልን፤ ሬዲዮ ማመሳሰሉን አስቁሞ ቅርጫቱን ከፈተ። አብዛኛው እዚያ ነበር፤ መለስነው። የሽማግሌው ጆሮ ግን አልተመለሰም፤ የቀረውን ጆሯቸውን ለክተን ገልብጠን እንሠራላቸዋለን፤ ነግሬያቸው ተቆጥተውኛል፣ መብታቸው ነው። የመምህሯንም ፈለግኩ። አልነበረም፤ ቅርጫቱም ውስጥ፣ ክላውዱም ላይ። ለምን እንደሆነ ሬዲዮን ብጠይቀው፣ «እኔ እንጃ ወንድሜ፣ እኔም ፈርቻለሁ» አለኝ። እንግዲህ አስቢው እታለም፤ አለቃዬ እነዚያን ጥቂት ቁጥሮች ጽፈው ጨርሰው ቢሆንስ? ይህን ሳስብ ነው እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ።

አለቃዬ ትናንት ሥልጠናውን አቋርጠው ተመለሱ። ፋይሉን ከማንም ጋር በማይመሳሰሉ ዲስኮች ላይ ገልብጠን አንዱን እሳቸው ቤት፣ አንዱን እዚህ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አኖርን። መምህሯም ዛሬ ጠዋት ተጠርታ መጣች። ፊቷን ስክሪኑ ላይ ቀስ እያልኩ አዞርኩላት። ብዙ ካየች በኋላ፣ «ከጎን እንዲህ ነበርኩ እንዴ? ያባቴ አፍንጫ እኮ ነው! ዕድሜ ልኬን ስጠላው ኖሬ!» አለችና ፋሻውን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ቁስሏን አሳመማት፣ ግን አላቆመችም። እኔ አልሳቅኩም። ማውሱ ላይ ያለው እጄ ይርበተበት ነበር። አይታ አንጓዬን ያዘችልኝና፣ «በሽተኛው አንተ ነህ እንዴ? አለሁ እኮ» አለችኝ።

እታለም፣ አደራ፤ የእማማ ፎቶዎችና የልጆቹ ሁሉ ያንቺ ስልክ ላይ ብቻ ናቸው። ክላውድ ላይ አሉ ብለሽ አትተኚ። ፎቶ ቤት ወስደሽ በወረቀት አሳትሚያቸው፤ ነገ ዛሬ አትበይ። ስልኩም «እሺ» በይ ሲልሽ ሳታነቢ እንዳትነኪው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል በያት፣ የመጨረሻውን ባታምንሽም። ለባልሽ ወንድማዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን በርቺ በያት። ጭርጭሩን ሁለት ጉንጩን፣ አፍንጫውንም ጭምር ሳሚልኝ። አንቺን ደግሞ እግዜር ለእኔ ያቆይሽ።

ሁልጊዜም የምሳሳልሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሥራ ክፍላችን፣ መስኮቱ ሥር
ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን