እንቅልፍ ያልጣላቸው ሾፌር፤ የአቶ ወንድይራድ ተክለብርሃን የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድይራድ ተክለብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ተክለብርሃን አለባቸው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስመኝ ኪዳነወልድ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በዲላ ገበያ ልብስ እየሰፉ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ነበሩ። አቶ ወንድይራድ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ በሂሳብ ትምህርት ከክፍላቸው የሚቀድማቸው አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ያልተጻፈባቸውን ደብተሮች ለታናሽ እህታቸው ለቆንጅት ሰጥተው ወደ ሥራ ወጡ። ወደው አልነበረም።

መጀመሪያ በቡና መጋዘን ጆንያ ተሸከሙ። በ1983 ዓ.ም. የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥተው መሪ ጨበጡ። ከአሪቻና ከባንኮ ጎቲቲ የታጠበ ቡና እየጫኑ አዲስ አበባ ሲያደርሱ ዘጠኝ ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተሳቢ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያና ስንዴ ማመላለስ ጀመሩ። በሠላሳ አራት ዓመት የሾፌርነት ዘመናቸው ሰው ቀርቶ ፍየል ገጭተው አያውቁም። ጫት በአፋቸው አልዞረም። ሲደክማቸው መኪናቸውን ዳር አቁመው ይተኛሉ፤ ባለንብረቱ በስልክ ሲጮኽባቸው ስልኩን ዘግተው ይተኛሉ።

በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ናፍቆት ገሪማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሩሃማንና ሲራክን ወልደዋል።

ሥራው የሰጣቸውን መካድ ነውር ነው። ዛሬ ለቅሶ የተቀመጥንበትን ቤት የሠሩት በዚህ ሥራ ነው። እናታቸውን ያሳከሙት፣ እህታቸውን መምህርት ያደረጉት፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚህ ሥራ ነው። ከሞያሌ እስከ ጋላፊ ስማቸውን ጠርቶ ወንበር የሚስብላቸው ሰው ነበር። ሲመለሱ ከመቂ ሽንኩርት፣ ከዝዋይ ዓሣ፣ ከአዋሽ ሐብሐብ ይዘው ስለሚመጡ፣ ጎረቤቶቻችን ሽንኩርት ገዝተው ያውቃሉ ብዬ አልምልም። ተመርቀው ሥራ ያጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስለ ሾፌርነት ሊጠይቋቸው ሲመጡ መልካሙን አንድ ሰዓት ሙሉ ያወሩላቸዋል። ክፉውን ግን «እሱን ስትገቡበት ታዩታላችሁ» ብለው ያልፉታል።

ክፉውን እንግዲህ እኛ እንናገረው። ሩሃማ ስትወለድ ሚሌ ነበሩ። ሲራክ ክርስትና ሲነሣ ጅቡቲ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። እናታቸው ወ/ሮ ስመኝ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ ከጋላፊ የደረሱት በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ነው። ተሳቢው ሰፈር ስለማይገባ ወ/ሮ ናፍቆት ምሳ ቋጥረው በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ይወርዱና ባልና ሚስት ጎማ ሥር ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የቆየ ትዳር ይባላል እንጂ ቢደመር አምስት ዓመት አይሞላም። የገዛ ቤታቸው ውሻ እንኳ እንደ ሌባ ይጮኽባቸው ነበር፤ እሳቸው ይስቁ ነበር፤ ወ/ሮ ናፍቆት ግን ሲስቁ አላየሁም። ጡረታ የለ፣ የሕክምና ዋስትና የለ። በ2013 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ሲገኝባቸው ሐኪሙ በሰዓቱ እንዲበሉና በየቀኑ እንዲራመዱ አዘዛቸው። ቀኑን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ለሚውል ሰው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡልን የእድራችን ጸሐፊ አቶ ፊሊጶስ ናቸው። ምንም ቢመጣ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሊያነቡ ቃል ገብተውልኛል፤ በቃላቸው ይጽኑ። ከዚህ በኋላ «እህታቸው» እያልኩ መደበቅ አልችልም። የጻፍኩት እኔ ቆንጅት ነኝ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ ካርታ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ስለ ወንድሜ አደጋ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንዱ «እንቅልፍ ነዋ!» አለ። ሌላው «ምን እንቅልፍ ብቻ፣ ሳይቅም አይቀርም» አለ። ሻይ ሳቀርብላቸው ወደ ካርታቸው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም፤ ወንድሜ ራሳቸው ለፖሊስ የሰጡት ቃል «እንቅልፍ ጣለኝ» የሚል ነው። ቃሉ ውሸት ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የወንድሜ የጋሼ ዓይን በስኳሩ ምክንያት ደክሞ ነበር። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሱ ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ አይቼም ጠረጴዛውን ወልውያለሁ። የካቲት 2017 ዓ.ም. መንጃ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ማለፍ ነበረባቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጡና «ቆንጂ፣ አስተማሪ አይደለሽ? እስቲ እኔንም አስተምሪኝ» አሉኝ። ሲራክ ዩኒቨርሲቲ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። «እሱ ይጨርስ እንጂ በማግሥቱ ቁልፉን አስረክቤ እገባለሁ» አሉ። እድሜ ልካቸውን ከእኔ አንድ ነገር ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። እንዴት እምቢ ልበል?

መነጽር የምፈልግ መስዬ ለምርመራ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ባለ ሦስት ጥርሱ ምልክት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ የሚዞርበትን ሰንጠረዥ ረድፍ በረድፍ በቃሌ ይዤ ወጣሁና ደብተር ላይ ገለበጥኩት። ስድስት ቀን አስተማርኳቸው። የመርማሪው ዘንግ የቱ ላይ እንዳረፈ ይታያቸዋል፣ ምልክቱ ግን አይታያቸውም፤ ስለዚህ ቦታውን ሳሳያቸው «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች» እያሉ ይመልሱልኝ ነበር። ሲሳሳቱ እንደ ተማሪዎቼ ተቆጣኋቸው። አለፉ። አንድ ፌስታል ሙዝ ይዘው መጡና ከት ብለን ሳቅን። እኔማ ኮርቼ ነበር፤ ውለታ የመለስኩ መስሎኝ።

ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአዋሽ ወዲህ አንድ የተበላሸ ከባድ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ገመቹ እንደ ደንቡ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ደርድሯል። ወንድሜ በድንጋዩም በቅጠሉም ላይ አልፈው መጥተው ገጩት። ፍሬን የያዙት በመጨረሻዋ ሰከንድ ነው። ገመቹ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ውኃ ሊጠጣ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ አምስት ደቂቃ አልሞላውም ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ዛሬም ከነገሌ ድረስ መጥቶ እዚህ ቆሟል። የአራት ልጆች አባት ነው። እኔ ያስተማርኩት ትምህርት አራት ልጆችን አባት ሊያሳጣ ነበር።

የጋሼ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁስሉም በስኳሩ ምክንያት አልድን አለ። ሆስፒታል አጠገባቸው ተቀምጬ ለምን ለፖሊስ እንደዋሹ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ልጆች ፊት የምትቆሚ ሰው ነሽ። እኔ ከእንግዲህ የት እቆማለሁ?» አሉኝ። ለሾፌር «ተኝቶ ገጨ» ከመባል የከፋ ስድብ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ሲጠነቀቁ የኖሩትን ስም ለእኔ ሲሉ ጣሉት። እንዳልናገርም አስማሉኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ካርታ ተጫዋቾችም ስሙ፦ ወንድሜ አልተኙም፣ አልቃሙም። አላዩም ነበር። እንደማያዩ እያወቅሁ መንገድ ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሠልስቱ እንዳለፈ ይህንኑ ቃል ለፖሊስ እሰጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ መቆም አለመቆሜን የሚመለከተው ይወስን።

አቶ ወንድይራድ ለሁለት ወር ተኩል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ናፍቆትን፣ ልጆቻቸውን ሩሃማንና ሲራክን እንዲሁም እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለቀበራችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ከመካከላችሁ ዓይኑ የደከመ ሾፌር ካለ ደግሞ፣ እግዚአብሔር እንደ እኔ እሺ የምትል እህት አይስጠው። አሜን።