ቡልቅ ፊቱን ሲያዞር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጧት 3 ሰዓት
ቡልቅን አሥራ አንድ ጊዜ ሣልሁት፤ አሥራ አንዱንም ቀደድሁ። ስለሱ የምጽፈው ሰባተኛው የልጆች መጽሐፍ ገና ገጽ አራት ላይ ነው። በጣና ደንገል ውስጥ የሚኖር ጉድ፣ የአንድ እግር ጫማ ሌባ፣ የልጆች ሁሉ ወዳጅ! እሱ የሚሰርቀው አያልቅበትም፤ እኔ ግን ሳቁ አልቆብኛል። የጎረቤት ልጆች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ቡልቅ መጣ ይላሉ። ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ስሜን አትርሳ።

ማክሰኞ፣ ኅ. 9። ከሰዓት
አባባ ከዘጌ በጀልባ መጡ። ሐሙስ የግራ ዓይናቸው ሞራ ይወጣል። ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቡልቅ አዩና ይኼ ለምን በጎን ተሣለ አሉኝ።

ክው አልሁ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፤ ሰይጣን በጎን፣ ባንድ ዓይን። በልጅነቴ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ እጄ በቡልቅ ላይ ሲፈርድበት አላስተዋልሁም!

ረቡዕ፣ ኅ. 10
ዛሬ አወጣሁት። መጻሕፍቱ ይብቃኝ፣ ዘጌ የጀመሩትን የመቅደስ ሥዕል አብሬዎ ልሥራ አልኋቸው። ስንት ዓመት ሳልናገረው የቆየ ነገር። ቁራጭ ሸራ ሰጡኝ፤ የጻድቅ ፊት ሣል አሉ። ሣልሁ። ዓይኑ ሁለት፣ ጺሙ ነጭ፣ አክሊሉ ወርቅ። አፉ ግን የቡልቅ! ጫማ የደበቀ ጻድቅ። ደገምሁ፤ ባሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አባባ ሸራውን አጣጥፈው አስቀመጡት። "እጅህን ሌላ ጌታ ይዞታል፣ ልጄ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስረኛው እኔ፣ ዘበኛው አንድ ዓይና ጉድ። በዚህ ላይ አሳታሚዋ ከአ.አ. ደወለች፤ ስምንተኛውንም አስብበት አለች። ስልኩን ባላነሣው ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ ኅ. 11
ሕክምናው ደህና አለቀ። አባባ ግራ ዓይናቸው ታሽጎ አልጋ ላይ ናቸው። "አሁንስ እኔም ካንተ ጉድ ወገን ሆንሁ" ብለው ሳቁ። አንብብልኝ አሉ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አነበብሁላቸው። ሳቃቸው ዓይናቸውን እንዳይጎዳው ፈራሁ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ ይኼ ፍጡር አንድ እግር ጫማ ምን ያደርግለታል?

አላውቅም። እኔ ፈጥሬው! አሰብሁ፣ አሰብሁ፤ ባለቤቱ ሊፈልገው እንዲመጣ ይሆናል አልሁ። አባባ ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

ዓርብ፣ ኅ. 12
ጎሕ ሳይቀድ ተቀመጥሁ። ቡልቅ፣ ፊት ለፊት። ሁለት ዓይን። ሰው የሚጠብቅ ዓይን። አንዴ ብቻ ሣልሁት፤ አልቀደድሁትም።

አባባ እሽጉ ከተነሣላቸው በኋላ በሁለት ዓይናቸው ያዩት የመጀመሪያ ሥዕል እሱ ሆነ። ወረቀቱን አቀረቡ፣ አራቁ። አፉ አያፌዝም አሉ።

እሑድ፣ ኅ. 14። ከቅዳሴ መልስ
ለአሳታሚዋ ጻፍሁ። በሰባተኛው ቡልቅ ፊቱን ያዞራል፤ ስምንተኛ የለም። ማን ይስቃል ብላ ትጮኻለች። ትጩኽ።

አባባ ነገ ይመለሳሉ። ና አላሉኝም፤ እኔም ድጋሚ አልለመንሁም። እስከ ጀልባው ልሸኛቸው፤ ካላባረሩኝ አብሬ እሳፈራለሁ። ወስኛለሁ። ብሩሾቼን ጠቅልያለሁ።

አሁን ጫማዬን ልጠርግ ብል አንዱ የለም። አልጋ ሥር የለም። በር ላይ የለም። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተኙ መስለዋል፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።