ሙሉ ፍጥነት የታዘዘለት ጉድጓዳችን

ለተከበሩ ጓድ የውሃ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ጉሮሮዎንም አያድርቅብዎ፤ የእኛ ደርቋልና በእርስዎ እንዳይደርስ ዱዓ እናደርጋለን። እኔ ከሐይቁ በላይ ባለው ቀበሌ የሴቶች ማኅበር አባል ነኝ። መጻፍ ያስተማረኝ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከተቀየሙ ጥፋቱ የዘመቻው ነው። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም ቢሮዎ ሁሌ ዝግ ስለሆነብኝ ነው።

አንደኛ፣ እንግዶች አስከትለው የጉድጓዳችንን ፓምፕ ስለጎበኙልን እናመሰግናለን። የፓምፑ ሠራተኛ ሙዘይን የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ሣጥን መዞሪያ ላይ ቀይ ክር አስሮ ነበር። በበጋ ውሃው ወደ ታች ስለሚሸሽ፣ ሞተሩ ከክሩ አልፎ ከፈጠነ አሸዋ እንደሚስብ በትሕትና አስረዳዎት። ይህን እኛ እንስራ ተሸካሚዎቹም እናውቀዋለን፤ ግቷ ያልሞላን ላም አጥብቆ ያለበ ደም ያገኛል።

ሁለተኛ፣ አብዮት በግማሽ ፍጥነት አይሄድም ብለው ክሩን በመቀስ ሲቆርጡት፣ ምረቃ መስሎን በማጨብጨባችን ይቅርታ እንጠይቃለን። መዞሪያውን እስከ መጨረሻው ሲጠመዝዙት ውሃው እንዴት ዘለለ! ፎቶም ተነሣችሁ። የመኪናዎ አቧራ ሳይበርድ ግን ቧንቧው ጭቃ፣ ቀጥሎ አሸዋ ተፋ፤ ሞተሩም አንዴ ጮኾ ዝም አለ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ግን ትሕትናዬ አልቋል። ሙዘይንን በአሻጥር ወንጅለው አሳሰሩት። ያስጠነቀቀው አሻጥረኛ፣ የሰበረው ከሳሽ! ሚስቱ ኑርሀያት የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ናት፤ የልጁን ስም ያወጣነው አባቱ በሌለበት ነው። ቧንቧው ቢሠራ አራስ ወረፋ አትጠብቅም ብለን ባስቀደምናት ነበር፤ አሁን ወረፋውም የለ። ሐይቁ ከታች እያብለጨለጨብን፣ አንድ እንስራ ይዘን ዳገቱን ስንወጣ ግማሽ ቀን ያልቃል።

ክሩን የቆረጠው እጅ የማን እንደነበር እስካሁን የጠየቀን የለም። አርባ ሰባት ሴቶች አይተናል። መጻፍ የምንችለው ከታች ፈርመናል፣ ያልቻሉት አሻራቸውን አኑረዋል። የተቆረጠውም ክር እኔ ጋ አለ።

በታላቅ አክብሮትና በባዶ እንስራ፣
የውሳኔዎ ተሸካሚ
አሲያ ይመር
ግንቦት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሙዘይን ይፈታልን ብለን ካመለከትን ሦስት ሳምንት ሆነ። ጉዳዩ ቀስ ተብሎ ይጣራል የሚል መልስ ከቢሮዎ ደርሶናል። ለካ ቀስ ማለትም ያውቃሉ! ምነው ያን ዕለት ፓምፑ ዘንድ ቀስ ማለቱን ይዘውት በመጡ።