ስም ሳይጠራ ስለተነፋው ጥሩንባ

መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአጣዳፊ በሽታዎች ማስጠንቀቂያ ማስተባበሪያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

(«ባሉበት» የሚለውን ቃል ለሌላ ሰው ስጽፍ ለደንቡ ያህል ነው፤ ለእርስዎ ግን የት እንዳሉ በእርግጥ ስለማናውቅ ከልቤ ጽፌዋለሁ።)

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቼም ጤና ይስጥልን ብለውዎታል። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ውኃ አፍልተው እንደሚጠጡ፣ እጅዎን በሳሙና እንደሚታጠቡ፣ ሰው ከሚበዛበትም እንደሚርቁ አንጠራጠርም፤ ምክሩ የእርስዎ ነውና ከእኛ ይልቅ እርስዎን ሳይጠቅም አልቀረም። እኛ የሾላ ሜዳ ቅሬ አባላት፣ ማለትም የተረፍነው፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ ኑርሁሴን ይማም እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መርሳ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመትም ከግራና ከተማ በላይ ባለችው ሰፈራችን የቀብር ማኅበሩን የቅሬውን ጥሩንባ ነፍቻለሁ። ለሌላ ሰው ስጽፍ መስመር ስቼ አላውቅም። ዛሬ ለራሴ ስጽፍ ፊደሉ ቢንጋደድ በትዕግሥት እንዲያልፉት እየጠየቅሁ፣ ጉዳዬን ደግሞ እንደ ሙያዬ ከወዲሁ ልግለጽ፦ ከሪፖርትዎ ውስጥ ሁለት ቃል እንዲሰርዙልኝ ነው። መሬት አልጠይቅም፣ ካሣ አልጠይቅም፤ ሁለት ቃል ብቻ።

ምስጋና ይቅደም። ነሐሴ 2013 ወልድያ በተያዘች በሳምንቱ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ መድፍ ከጋራ ጋራ ሲመላለስብን፣ ሁሉም ሲረሳን እርስዎ ብቻ አልረሱንም። ጽሕፈት ቤትዎ «በጊዜያዊነት ከተዛወረበት» ሆኖ፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአካባቢው መግባቱን የሚገልጽ ባለ አምስት ነጥብ ማስጠንቀቂያ በእግረኛ መልእክተኛ ላኩልን። መልእክተኛው ሦስት ቦታ ተተኩሶበት ሱሪው በጭቃ ተነክሮ ሲደርስ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፣ ማኅተሙም አልደበዘዘም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በጦርነቱ ላይ በሽታ መምጣቱን አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት በተቅማጥ የሞቱ ሦስት ሕፃናት ቀብረን ስለነበር ወሬው ከወረቀትዎ ትንሽ ቀድሞ ደርሶን ነበር እንጂ።

አንደኛ፤ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ብለውናል። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ጭስ የታየበት ቤት ሁሉ ወታደር ያለበት እየመሰላቸው ከማዶው ጋራ ያሉት ተዋጊዎች ይተኩሱበት ነበር። የጎረቤቴ የፈንታው ባለቤት ማስጠንቀቂያዎን ከሰማች በኋላ ሳይሆን በፊት፣ በራሷ ብልሃት ውኃ ጣደች። ውኃው ሳይፈላ መትረየሱ ጣሪያውን ወንፊት አደረገው፤ ድስቱ ተገልብጦ እግሯን ላጠው፣ ከጥይት የተረፈው ልጇ ደግሞ በውኃ ጥም ሲያለቅስ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ጥሬውን ጠጣን። ተህዋሲው ቢያንስ ቀን ይሰጣል።

ሁለተኛ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ብለውናል። ሱቁ ተዘርፎ በሰፈሩ የቀረችው ጥቂት ሳሙና የሬሳ ማጠቢያ ተብላ በቅሬው ዳኛ ቤት ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሬሳ በሳሙና ሲታጠብ ነዋሪው በአመድ ይታጠብ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ወቀሳ እንዳይመስልብኝ፤ ሳሙናዋ ለታሰበላት ሥራ እንድትውል ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገልንን ትብብር ኋላ ላይ አነሣዋለሁ።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ማመልከቻ በሦስተኛው ቁጥር ላይ ይጠነክራል ብዬ ለደንበኞቼ እነግራለሁ። እኔ ግን ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ያን ቀንም የቆመው እዚሁ ላይ ነበር።

ከማስጠንቀቂያው ጋር ሸኚ ደብዳቤ ነበረ። «ማስጠንቀቂያው ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበብ፤ የተሰብሳቢው ቁጥር ይገለጽ፤ ሜጋፎን በሌለበት ባህላዊ የመጥሪያ መሣሪያ ጥቅም ላይ ይዋል» ይላል። ባህላዊ የመጥሪያ መሣሪያ የተባለው የእኔ ጥሩንባ ነው። እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ላስረዳዎ ማለቴ ድፍረት ይሆናል፤ ቢሆንም ቅሬ ማለት እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበራችን ነው። ጥሩንባው ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ እነፋለሁ፣ ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ፣ የታመመም ቢሆን ከአልጋው ተነሥቶ ይወጣል። ሳይወጣ የቀረ ሰው የእሱ ቀን ሲደርስ ቀባሪ አያገኝም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ሂሩት ደብዳቤውን እንዳነበበች ኔትወርክ ፍለጋ ጋራውን ወጥታ ደወለችልዎ። የተናገረችውን ቃል በቃል ነግራኛለች። «ጌታዬ፣ በእኛ አገር ጥሩንባ ለሞት ነው። ግልብጥ ብለው ነው የሚወጡት፣ ሜዳው ደግሞ ከማዶ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ቤት ለቤት ዞሬ ልንገራቸው።» እርስዎም «ቤት ለቤት ሪፖርት ላይ አይታይም» ብለው መልሰውላታል። አጭርና ግልጽ መልስ ነው። ደብዳቤዎችዎም እንዲህ ቢያጥሩ ኖሮ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ባልቀረን ነበር።

ሂሩት ወርዳ «ጋሽ ኑርሁሴን፣ ይተውት፣ አይንፉት» አለችኝ። እኔ ግን ማኅተም የምፈራ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ገበሬውን በማኅተም ፊት ሳስጎነብስ የኖርሁ፣ ተራዬ ሲደርስ እኔም ጎነበስሁ። ይህን ኃጢአት ከእርስዎ ጋር እኩል እካፈላለሁ፤ ድርሻዬን ለማንም አልሰጥም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሾላው ሥር ቆሜ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ስም አልጠራሁም፤ የሞተ ሰው አልነበረማ! በሕይወቴ ነፍቼ ስም ሳልጠራ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስሙ የተጠራ ሞት የአንድ ቤት ነው፤ ስም ሲጠፋ ግን ልጁ ግንባር ያለ ሁሉ የእኔ ነው አለ። ደምሴ ሁለት ልጆቹ የዘመቱበት ገበሬ ነው፤ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ማሳ ላይ ጥሎ «የትኛው ነው? ንገሩኝ፣ የትኛው ነው?» እያለ ሮጦ መጣ። ባለቤቴ ዘሀራ ከደጃችን ብቅ ብላ ሻሿን እያጠበቀች «ማነው? ማን ሞተብን?» አለችኝ። ጥሩንባው አፌ ላይ ስለነበር በእጄ ነይ አልኋት። በዚያው እጅ ተመለሽ ማለት እችል ነበር።

ሂሩት በትእዛዝዎ መሠረት ቆጠረች፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የሞተ ሰው የለም ብዬ ስነግራቸው እፎይ አሉ፣ አንዳንዱ ሳቀ፣ ደምሴ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ወረቀትዎን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርሁ። ሳሙና የሚለው ላይ የቁርአን መምህራችን አብዱልሐሊም «ሳሙናውስ የታለ?» ብለው እጃቸውን አነሡ። ሁለተኛውን ነጥብ ጨርሼ ወደ ሦስተኛው ስገባ የመጀመሪያው መድፍ ከሜዳው በታች ወደቀ። አፈሩ እስከ ሾላው ጫፍ ተነሥቶ በላያችን ፈሰሰ። ሰው እርስ በርሱ እየተረጋገጠ ሲሮጥ ሁለተኛው መካከላችን ገባ።

ደምሴ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ከወገቡ በላይ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። የአብዱልሐሊምን አካል ሰብስበን ስናበቃ ያነሡት እጅ ጎደለን፤ በማግሥቱ ሾላው ላይ አገኘነው፣ ጣቶቹ እንደተዘረጉ። አራት ሰዎች፣ ሁለቱ እናትና ልጅ፣ ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ተነሡ፤ የትኛው ሥጋ የማን እንደሆነ የተለየው በልብሱ ነው። በእጄ የያዝሁትን ጥሩንባ የበሳው ፍንጣሪ እኔን አልፎ ዘሀራን ከጉሮሮዋ ሥር አገኛት። ስደግፋት ደሟ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ሞቀኝ። ማን ሞተብን ብላ መጥታ መልሱን ሳትሰማ ሄደች።

ማን ተኮሰው ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ተኳሹን አላህ ይጠይቀዋል፤ እሱ ቢያንስ ስለ ጤናችን አስቤያለሁ ብሎ ወረቀት አልላከልንም።

ሰባቱን በሆዳችን እየተሳብን ቀበርናቸው፤ ለደምሴ እስላሙ ቆፈረለት፣ ለዘሀራ ክርስቲያኑ። ከዚያ በኋላ ሂሩት እርስዎ የከለከሏትን አደረገች። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጉያዋ ይዛ፣ በአጥር ሥር እየተሽሎከሎከች ቤት ለቤት ዞረች፤ እሷ በደረሰችባቸው ስድሳ ቤቶች ከዚያ ወዲህ በተቅማጥ የሞተ የለም። ጽሕፈት ቤትዎም የሥራ ፎቶግራፍ ባለመላኳ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷታል። ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።

ባለፈው የካቲት ደግሞ ተወካይዎ ሪፖርቱን ጣሪያው በተበሳው የቀበሌ አዳራሽ አነበቡልን። እንዲህ ይላል፦ «ንቅናቄው በ412 ተሳታፊዎች በስኬት የተካሄደ ሲሆን፣ በሰባት ተሳታፊዎች ላይ የደረሰው የሕይወት ማለፍ መሰባሰብን በተመለከተ በኅብረተሰቡ ዘንድ ካለ የግንዛቤ እጥረት የመነጨ ነው።»

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። እንዲሰረዙ የምጠይቃቸው ሁለት ቃላት «የግንዛቤ እጥረት» የሚሉት ናቸው። አራተኛው ነጥብዎ «መሰባሰብን አስወግዱ» የሚል ነበር፤ አልደረስሁበትም። ሰባቱ ሳይሰሙት ሞቱ፤ በዚህ በኩል ሪፖርትዎ አልዋሸም። አራተኛውን ነጥብ አስቀድመን አንብበን ሳለ ሰው የሰበሰብን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ የጻፉት እርስዎ፣ አንዱ ወረቀቱን የያዝሁት እኔ። ግንዛቤ የነበረን ሁለታችን እስከ ዛሬ በሕይወት አለን። ስለዚህ በምትኩ የእርስዎ ትእዛዝና የእኔ እስትንፋስ ገደላቸው ተብሎ ይጻፍልኝ፤ የእኔን ስም ከፊት ቢያደርጉትም አልቃወምም።

አሁን ደግሞ አዲስ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በመጪው ሐሙስ ጥሩንባ ነፍቼ፣ ሕዝቡን ሾላው ሥር ሰብስቤ፣ ስላልፈነዱ ተተኳሾች «የማታውቁትን ብረት አትንኩ» የሚለውን እንዳነብ፣ እምቢ ካልሁም በጤና ሥራ እንቅፋትነት እንደምጠየቅ ይገልጻል። ምክሩ እንደ ወትሮው ትክክል ነው። ዘሀራም የማታውቀውን ብረት አልነካችም፤ ብረቱ ነው የነካት።

አልነፋም። ብነፋም አይሆንልዎትም። በጥር ወር አዛውንቱ ጀብሪል በሰላም አልጋቸው ላይ ሲሞቱ ነፋሁ፣ ስማቸውንም ጠራሁ። የወጣ ሰው የለም። ሕዝቡ ጥሩንባውን ሲሰማ ልጆቹን ይዞ ከአልጋ ሥር ገባ። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ሬሳ ሲሸከሙ የኖሩትን ሽማግሌ አራት ሆነን ቀበርናቸው። በሽታው ያላደረገውን፣ መድፉም ያላደረገውን፣ ያ አንድ ወረቀት አደረገው፤ የሚቀባበር ሰው አጠፋብን።

እስካሁን ላሳዩን አሳቢነት ሁሉ በሾላ ሜዳ ከምድር በላይም ከምድር በታችም ባሉ የቅሬ አባላት ስም ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ የሚቀብርዎም ሰው አያሳጣዎ እላለሁ።

እጅ በመንሣት፣ ከማይቀንስ አክብሮት ጋር
ኑርሁሴን ይማም
የሾላ ሜዳ ቅሬ ጥሩንባ ነፊ የነበረ

አባሪ፦ አንድ ጥሩንባ

ይድረስ ካልሁ በኋላ የታወሰኝ፦ የሐሙሱን ስብሰባ ራስዎ መጥተው ይጥሩ ዘንድ ጥሩንባውን ልኬልዎታለሁ። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ስላለ በአውራ ጣትዎ ካልደፈኑት አይጮኽም፤ ዳሩ ስለታም ነው፣ ደም ካዩ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። የነፋ ሰው ስም መጥራት ግዴታው ነውና እኔ ያጎደልሁትን እርስዎ እንዳያጎድሉ ሰባቱንም ስም ከነአባታቸው ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌያለሁ። ሦስት ጊዜ ይንፉ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ስም ይጀምሩ። ዘሀራ ሰዒድ ይላል።