የአናጢው መሐል

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። አባባም ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል፤ ቁጣቸውም አብሯቸው ተመልሷል።

ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ግን በግራ በኩል ያለውን ነገር ልብ አይሉም። ዓይናቸው ደህና ነው አሉ ሐኪሞቹ። ምሳ ሲቀርብላቸው የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ጥርግ አድርገው ይበሉና «ምነው፣ አሳነሳችሁብኝ!» ብለው ይቆጣሉ። ሳህኑን ሳዞርላቸው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላሉ።

ትናንት ሐኪሟ የችግሩን ክብደት ልትለካ መጣች። ወረቀት ላይ ረጅም መስመር አሰመረችና «መሐሉ ላይ ምልክት ያድርጉልኝ» አለቻቸው። ጣውላ ያለ ሜትር፣ በዓይናቸው ብቻ እኩል የሚከፍሉት አባታችን ቀኙ ጫፍ አጠገብ ጭረት አድርገው «ዝንፍ አይልም!» አሉ። የዓለም ግማሹ ጠፍቶበት ምንም እንዳልጎደለው የሚኮራ ሰው አይቼ አላውቅም። ጉድ ነው መቼም!

ቀጥላ የቤተሰቡን ፎቶ አሳየቻቸው፤ አንተ በግራ ጫፍ የቆምክበትን። «እናትሽ፣ አንቺ፣ እኔ» አሉኝ በጣታቸው እየነኩ። «ሌላስ?» ስትላቸው «ሌላ ማን አለን?» ብለው ሳቁ። ፎቶውን ወደ ቀኛቸው ባስጠጋላቸውም ያው ሆነ፤ የፎቶው ግራ ጫፍ አሁንም ለእሳቸው የለም።

ያው ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ አልጨቀጭቅህም። ክፍልህን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ።

እማማ አገላብጣ ስማሃለች። የአባባን ሰላምታ ግን ራስህ መጥተህ ውሰድ። ስትገባ በቀኛቸው በኩል ግባ።

እህትህ