አይቶ ተመላሽ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልህን ቅባት ትቀባዋለህ ወይስ መስኮቱ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? ታናሽ ወንድሜስ ጋራዡ ተስማማው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም የቀሚሴ ዚፕ አልዘጋም ማለት ጀምሯል።

እማዬ በስልክ የነገረችኝ ነገር ግን አስቆጨኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ልጅህ በሰው ገንዘብ ቁማር ትጫወታለች ብሎህ አንገትህን ደፍተህ ገባህ አሉ። አንተ ዝም ብትለውም እኔ ዝም አልልም። ሥራዬን ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

መሥሪያ ቤታችን የአውቶቡስ ሾፌሮችን የጡረታ ገንዘብ ያስተዳድራል። ገንዘቡ ዝም ብሎ ተቀምጦ የመግዛት አቅሙን እንዳያጣ አክሲዮን ይገዛበታል። እኔ ደግሞ ገበያውን እጠብቃለሁ። ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጬ የቱ ወጣ፣ የቱ ወረደ፣ ማን ሸጠ፣ ለምን ሸጠ ስል እውላለሁ። ከዚያ ግዙ ወይም ተዉት ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚወስነው ኮሚቴው ነው። ቁማር የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

በቅርቡ የአንድ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያ አክሲዮን በየቀኑ ዋጋው ይወጣ ጀመር። ቢሮው አበደ። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፣ ሲቸኩሉ ግን ጆሮ የላቸውም፤ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሊያመልጠን ነው እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔን ግን አንድ ነገር አላማረኝም። ዋጋው ይወጣል እንጂ የሚሸጠው አክሲዮን ትንሽ ነው፤ የሚገበያዩትም እነዚያው ሁለት ሦስት ደላሎች ናቸው።

ያን ጊዜ በልጅነቴ የወሰድከኝ የከብት ገበያ ትዝ አለኝ። ደላሎቹ አንዱን ቀይ በሬ እርስ በርስ እየተሻሻጡ ዋጋውን ሲሰቅሉት፣ ሰውም ልግዛ ልግዛ ሲል፣ አንተ ጥግ ቆመህ ይሄ በሬ ባለቤት ይቀያይራል እንጂ ቤቱ የወሰደው ሰው የለም አልከኝ። ከዚያ እጄን ይዘህ ምንም ሳትገዛ ተመለስን። ሰፈሩ አይቶ ተመላሽ ብሎ ስም አወጣልህ፤ እማዬም ጫማህን ጨርሰህ መጣህ እያለች ትስቅብህ ነበር።

ኮሚቴው ፊት ቆሜ አትግዙ አልኩ። የሾፌሮቹ ተወካይ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ የአባትሽ ገንዘብ ቢሆን ትገዢበታለሽ ወይ አሉኝ። አልገዛበትም አልኳቸው። ኮሚቴውም ተወው።

ዋጋው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ሻይ ላይ ስቀመጥ ወሬ ይቆማል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነበርና ሥራዬ አበቃለት ብዬ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ነበር። በመጨረሻ እነዚያ ደላሎች የያዙትን ለሌላ ሰው አሸክመው ሲወጡ ዋጋው ተንኮታኮተ። የእኛ ገንዘብ አልተነካም። አለቃዬ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ማን አስተማረሽ አሉኝ። ስለ አንተ ነገርኳቸው፤ ስምህንም ነገርኳቸው። አሁን ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፣ ቢሮው ሁሉ አይቶ ተመላሽ እያለ ይጠራኛል። አባዬ፣ ኮራሁ። የኮራሁት በአንተ ነው።

ሽማግሌው ሾፌር አባትሽን ሰላም በይልኝ ብለውኛል። ጡረታዬ ገበያ ደርሶ በሰላም ቤቱ ገባ ብለሽ ንገሪልኝ ነው ያሉት።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ በጫማህ እንዳትስቅ በላት። ወንድሜን የእጁን ግራሶ ታጥቦ እንዲበላ ምከርልኝ። ልብስ ሰፊውንም ሰላም በልልኝ። ቁማርተኛ ናት ካለህ፣ አንገትህን ቀና አድርገህ፣ የለም፣ እንደ አባቷ አይቶ ተመላሽ ናት በለው።

ልጅህ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ግንቦት 14 ቀን