ሠላሳ አንድ «ሜህ»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት መኪና ላይ የተጫነ፦ ዳቦ ቆሎ፣ ያለ በርበሬ፣ ስልሳ ከረጢት። ለቅምሻ ሁለት ሳህን። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ... መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፣ ግን በሰዓቱ ደረስኩ።

የዓብዩ ግሮሰሪ ደንበኛው ፈረንጅ ነው። ዓብዩ ለማስቀመስ ሁለት ቅዳሜ ሰጥቶኛል። ሰው ከወደደው መደርደሪያ አገኛለሁ፣ ካልወደደው ቦታው ለሌላ ይሄዳል። ቀማሹ ካርድ ላይ ምልክት ያደርጋል፦ ጥሩ ከሆነ «ጉድ»፣ መጥፎ ከሆነ «ባድ»፣ ከዚያ ደግሞ «ሜህ»። ሦስተኛዋን ልብ ብዬም አላየኋትም።

አርባ ካርድ ተሞላ። ጉድ ስድስት፣ ባድ ሦስት፣ ሜህ... ሠላሳ አንድ። የተሸጠው አራት ከረጢት።

ለልጄ ለሰሊና ኮል አደረግኩላት። ሄርንደን ሥራ ላይ ናት። ሳቀች። «ማሚ፣ ኢትስ ኖት ባድ። ጀስት... ሜህ።» መጥፎ አይደለም፣ ሜህ ነው... ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መልስ ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጎረቤቴ ሚስስ ሩት ጤፍ ሊገዙ ሱቄ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ «ሜህ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትከሻቸውን ሰበቁ፣ ከንፈራቸውን ገለበጡ። ትርጉሙ ይሄው ነው አሉ። ጥሩም መጥፎም ያልሆነ፣ ሰው ግድ ያልሰጠው ነገር።

ከየት መጣ? ከይዲሽ፣ አያቶቻቸው ከሚናገሩት የአይሁድ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም። ግን እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም፣ ዝም ብሎ ከአፍ የወጣ ድምፅም ሊሆን ይችላል አሉ። ድሮ ቤት ውስጥ ነበር የሚሰሙት። በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ወጣና አገር ሁሉ ለመደው።

አያታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደንበኛ «አስቀያሚ ነው» ካላቸው ደስ ይላቸው ነበር። የጠላ ሰው ይከራከራል፣ ይስተካከልለታል። ትከሻውን የሰበቀ ግን ከወጣ አይመለስም።

ጤፉን እየመዘንኩ እጄ ቆመ። ሠላሳ አንድ ሰው ትከሻውን ሰብቆብኛል! ችግሩ ዋጋው አይደለም፣ ከረጢቱም አይደለም...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስፕሪንግፊልድ፣ ጋሼ በፍቃዱ ጋ። ዳቦ ቆሎውን የሚያቦኩትም የሚቆሉትም እሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር የበርበሬውን ጆንያ ከኩሽናቸው አውጥቼ ሱቅ ወሰድኩባቸው። ፈረንጅ አይችለውም ብዬ። ማን ነገረኝ? ማንም። ያኔ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የበሽተኛ ምግብ ነው» ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም።

ዛሬ ካርዶቹን አሳየኋቸው፣ ቃሉንም አስረዳኋቸው።

«እኛ አልጫ እንለዋለን» አሉ። «ለዚህ ካርድ ያስፈልግ ነበር?»

አንድ ጣሳ በርበሬ ይዤላቸው ነበር። እንደ ድሮው ያድርጉት፣ እንዳይፈሩ አልኳቸው።

«እኔ መቼ ፈራሁ? የፈራሽው አንቺ ነሽ።»

እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዓብዩ ደወለ። ቦታውን ሌላ ሰው ጠይቆታል። ቅዳሜ ይለይለታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ስልሳ ከረጢት፣ በበርበሬ።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ሶፍት ላይ ተፍታ ሄደች። ቀጥሎ አንድ ረጅም ሰውዬ ቀመሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ውሃ ፍለጋ ሮጠ... ተመልሶ እፍኝ ሙሉ ዘገነ! ሚስቱን ጠራ። ሚስቱ እህቷን ጠራች። ጠረጴዛው ዙሪያ ክርክር፣ ሳቅ፣ ሳል። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቆሜ የራሴን ትንፋሽ ነበር የምሰማው።

አርባ ካርድ። ጉድ ሀያ ስድስት፣ ባድ አሥራ ሁለት፣ ሜህ ሁለት። ሁለቴ ቆጠርኩ።

ዓብዩ አሥራ ሁለቱን ለይቶ ያዘና ፊቱን አጨማደደ።

«የሺሀረግ፣ ባለፈው የጠሉት ሦስት ነበሩ እኮ።»

«ባለፈው ግን ማን ገዛ?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። ካርቶኖቹ ባዶ። ሄዶ ከመደርደሪያው ላይ ብስኩት ማንሳት ጀመረ። መሀለኛው መደርደሪያ፣ ልክ በዓይን ትይዩ!

ነገ፦ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የበርበሬውን ጆንያ ለጋሼ በፍቃዱ መመለስ።